ቦርከና በአንድ ሴሚስተር አይጠናም

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት
ለትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ልጅ ለሚያስተምሩ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ በባዮሎጂ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪን አያይዞ በ5 ዓመት የሚያስጨርስ ፕሮግራም እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፣ የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣች። 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን የ4ኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ሆናለች። የምትማርበትን ግቢ ስም አልጠራም፤ የእሷ ነገር የሁሉም ግቢ ነገር ስለሆነ። በፌስታል ስድስት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛለች። አንገታቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠምጥሞ ቁጥር ተጽፎበታል።

"ቲቸር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ቦርከና ላይ ነው የምሠራው። ያንን የድሮ ደብተርዎን ያውሱኛል?" አለችኝ።

ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ስመረቅ ለመመረቂያ ሥራዬ የመዘገብኩበት ነው። ከቦርከና ሦስት ቦታ ውሃና የነፍሳት እጭ ሰብስቤ ነበር። አንደኛው ከደሴ በላይ፣ ወንዙ ገና ቀጭን እያለ። ሁለተኛው ከተማው ካለቀ በኋላ። ሦስተኛው ከኮምቦልቻ በታች። ስነ ምህዳር በማስተምርበት ሳምንት ያንን ደብተር ክፍል ይዤው እገባለሁ። ልጅቷ ከዚያ ነው ያስታወሰችው።

በሳምንቱ አብረን ወጣን። የእሷ ዕቃ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ሳህን፣ የሻይ ማጥለያና ወረንጦ ነው። ድንጋይ ታነሳለች። ሳህኑ ላይ ታጥበዋለች። ጎንበስ ብላ ትቆጥራለች። በላይኛው ቦታ ጠፍጣፋ፣ ጭራቸው እንደ ሦስት ክር የሆነ እጮች ነበሩ። እነዚህ አብዛኞቻቸው ኦክስጅን የበዛበት ንጹህ ውሃ ካላገኙ አይኖሩም። ከሰዓት በሐረጎ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻን አለፍንና ከከተማው በታች ቆምን። እዚያ ባለሦስት ክሮቹ የሉም። ሳህኑ ላይ የቀሩት ትል የሚመስሉ ቀያይ እጮች ናቸው። ከአንዲት ድንጋይ ሥር ብቻ 31 ቆጠረች። ቀይ የሆኑት እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው። አየር ባነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖራቸው እሱ ነው።

ቁጥሯን ከእኔ ደብተር ጋር አስተያየች። ወንዙ በ16 ዓመት ውስጥ ምን እንደሆነ ሁለታችንም ገባን፤ ቢያንስ የገባን መሰለን። ከዚያ እንዲህ ስል ጠየቅኳት። "ክረምቱንስ መቼ ልትለኪ ነው?"

"ክረምት ላይማ ተመርቄያለሁ፣ ቲቸር።"

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህች መልስ ምክንያት ነው።

የአገራችን የመመረቂያ ጥናት በ2ኛው ሴሚስተር ይጀመርና በግንቦት ይገባል። በሰኔ የመውጫ ፈተና አለ። ከዚያ ጋውንና ፎቶ። ወንዙ ግን የሚሞላው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። የደሴ ቆሻሻ በሙሉ ወደ ታች የሚታጠበው ያኔ ነው። በበጋ ደግሞ ውሃው ሲያንስ ከፋብሪካና ከከተማ የሚገባው ፍሳሽ ሳይቀጥን ይቀራል። ሁለቱን ሳያዩ ስለ ቦርከና ምንም ማለት አይቻልም። ሐኪም የበሽተኛውን ትኩሳት ጠዋት ብቻ ለክቶ "ደህና ነህ" አይልም። የባዮሎጂ ተማሪዎቻችንን ግን በየዓመቱ እንዲያ እንዲሉ እናስገድዳቸዋለን። ጥፋቱ የአስተማሪዎቻቸው አይደለም። ካላንደሩ ነው።

የእኔን ታሪክ ልንገራችሁ፤ በአጭሩ። እኔም የሠራሁት በጋውን ብቻ ነበር። "ማስተርስ ስትገባ ትቀጥለዋለህ" ተባልኩ። ተመርቄ ማስተማር ጀመርኩ። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ለማውጣት፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ፣ ስፖንሰር ለማግኘት፣ ውድድር ለመጠበቅ ዓመታት አለፉ። ማስተርስ የገባሁት ከ9 ዓመት በኋላ ነው፤ በክረምት መርሃ ግብር፣ ሌላ ቦታ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። "ያ የመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ ነው፣ እዚህ አይቆጠርም። ርዕስ ከዝርዝሩ ላይ ምረጥ" ተባልኩ። መረጥኩ፤ ተመረቅኩ። ርዕሱን ዛሬ ጠይቃችሁኝ ልመልስላችሁ እችላለሁ፣ ግን በዚያ ጥናት ላይ የተመለሰ ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ። ቦርከና ከደብተሩ አልወጣም።

እንግዲህ የምጠይቀው ነገር በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም።

በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሎጂ ተማሪ በ3ኛ ዓመቱ ለማስተርስ እንዲያመለክት ይፈቅዳሉ። ጥሩ ነጥብ ያለው፣ አስተማሪ የመሰከረለት ልጅ ከተቀበሉት በ4ኛው ዓመት ጥቂት የማስተርስ ኮርሶች ይወስዳል። ኮርሶቹ ሁለቴ ይቆጠሩለታል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪውም ለሁለተኛውም። የመጀመሪያው ዲግሪ እዚያ 120 ክሬዲት ገደማ ነው፣ ማስተርሱ 30 ገደማ። ከዚህ ውስጥ 9 ወይም 12 ክሬዲት በጋራ ሲቆጠር የ6 ዓመቱ መንገድ 5 ዓመት ይሆናል። አራት ሲደመር አንድ ይሉታል። ብዙዎቹ የራሳቸውን ልጅ እንደገና የመግቢያ ፈተና አያስፈትኑትም። በብሪታንያ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተዋሃደ የ4 ዓመት የማስተርስ ዲግሪ አለ፤ የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው ምርምር ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የህንድ መንገድ ይመስለኛል። ህንድ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሳይንስ ብቻ የተቋቋሙ ተቋማት ከፍታ ተማሪን በ5 ዓመት ባችለርና ማስተርስ አያይዛ ታስመርቃለች። የ5ኛው ዓመት ዋና ሥራ አንድ ጥናት ነው። የህንድ መምህራንን እናውቃቸዋለን። የእኛን ታላላቆች ሳይንስ ያስተማሩት በብዛት እነሱ ነበሩ። እነሱ ያዋጣቸው ነገር እኛንም ያዋጣን እንደሆነ መሞከር ክፋት የለውም።

አንድ ነገር ግን ከአሜሪካኖቹ እንዳንወስድ እለምናለሁ። እዚያ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ያለ ቴሲስ፣ በኮርስ ብቻ ያስመርቃሉ። ለእነሱ ይሠራላቸው ይሆናል። ተማሪያቸው ላብራቶሪ ውስጥ ቀድሞ የኖረ ነው። እኛ ጋ ቴሲሱን ካወጣነው የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው። እኔ የምጠይቀው ዓመቱ እንዲያጥር ሳይሆን ጥናቱ እንዲረዝም ነው። የሚገርመው፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

እንዴት? የባዮሎጂ ዲግሪ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፍሬሽማኑን ጨምሮ 4 ዓመት ነው። ማስተርስ በመደበኛው 2 ዓመት ነው። ግን ከማስተርሱ 2 ዓመት የመጀመሪያው በኮርስ ያልቃል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ልጁ በዲግሪ የተማረውን የሚደግሙ ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ርዕስ ፍለጋ፣ አማካሪ ፍለጋ፣ ፕሮፖዛል፣ ማሻሻያ። ሜዳ የሚወጣው ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ 6 ዓመት ተምሮ እንኳ አንድ ሙሉ ክረምት የለካ ተማሪ ጥቂት ነው።

አሁን ልጅቷን በ5 ዓመቱ መንገድ ላይ አስቀምጧት። በ3ኛ ዓመት መጨረሻ አመለከተች እንበል። ነጥቧ ታየ፤ ቃለ መጠይቅ ተደረገላት፤ አማካሪ ያዘች። በ4ኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ቦርከና ወርዳ የመጀመሪያውን ናሙና ወሰደች። በዚያው ዓመት የስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ኮርስ ከማስተርስ ተማሪዎች ጋር ተማረች። በልግ ሲዘንብ ለካች። በሰኔ እንደ ጓደኞቿ የመውጫ ፈተናውን ተፈተነች፤ 50 በመቶውን አለፈች፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በእጇ ያዘች። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ዳር ነች። 5ኛው ዓመት ላይ የቀሩትን ኮርሶች ወሰደች፤ በጋውን ደገመችው። ሚያዝያ ላይ በእጇ ያለው የሁለት በጋ፣ የሁለት በልግና የአንድ ሙሉ ክረምት ቁጥር ነው። ያንን የሚያክል የቦርከና መዝገብ በእኔ ደብተር ውስጥ የለም።

የመጀመሪያ ዲግሪው በ4ኛው ዓመት መጨረሻ መሰጠቱን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ቤተሰቧ ቢታመም፣ ሥራ ብታገኝ፣ ወይም ምርምር አልሆነልኝም ብትል፣ ባዶ እጇን መውጣት የለባትም።

ለምን ደሴ? አዲስ አበባ ይጀመርና እንየው የሚል ይኖራል። መልሴ መሬቱ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያች መንገድ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ጠዋት ጋቢ ለብሰህ ተነስተህ ምሳ ሰዓት ላይ በሸሚዝ ላብ ያሰምጥሃል። ደሴ ላይ ወባ የሰው ዋና ጭንቀት አይደለም፤ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ለባዮሎጂ ተማሪ ይህ ትልቅ ላብራቶሪ ነው፤ የባጃጅና የሚኒባስ ሒሳብ ብቻ ያስከፍላል።

ስለ ወባ ካነሳሁ ልጨምር። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተገኘች። ይህች ትንኝ እንደ ነባሮቹ የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም። በርሜል፣ ታንከርና የግንባታ ውሃ ይበቃታል። ስለዚህ በበጋም፣ በከተማም ትራባለች። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ ብዙ ከተሞች ታይታለች። ኮምቦልቻ ከአፋር በሚመጣው መንገድ ላይ ያለች፣ ግንባታ የማያቋርጥባት፣ ውሃ በበርሜል የሚጠራቀምባት ከተማ ናት። ትንኟን ለመጠበቅ ከቤት ቤት እየዞረ በርሜል የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል፤ በበጋም በክረምትም፤ ዓመት ከዓመት። ያንን ሥራ ከአንድ የ4ኛ ዓመት ልጅ በአራት ወር መጠበቅ አግባብ አይደለም። የሁለት ዓመት ክትትል ግን አንድ ቴሲስ ነው።

ወደ ሰሜን ሂዱ፤ ተሁለደሬ ላይ ሎጎ ሐይቅ አለ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የተለቀቀበት በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ዳሩ ላይ የሚጠበሰው ዓሣ የዚያ ልጅ ልጅ ነው። ዓሣ መቼ ይራባል፣ መቼ ይጠመድ፣ መቼ ይተው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በየወሩ ዓሣ እየከፈቱ በማየት ነው፤ ቢያንስ አንድ ዙር ዓመት። ወደ ደቡብ ብትወርዱ ቦርከና በሐርቡ አድርጎ ከሚሴ ይደርሳል፤ ጨፋ ረግረግ ላይ ይተኛና ወደ አዋሽ ይሄዳል። በዚያ ሸለቆ በውሃ ቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈው የቢልሃርዚያ በሽታ አለ።

ቢልሃርዚያ ሲነሳ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳያስታውሱ ማለፍ አይቻልም። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሌላውም ሰው ያያቸው ነበር። እሳቸው ግን ተመልሰው ሄዱ፤ እንደገና አዩ፤ ላብራቶሪ አስገቡት፤ ዕድሜያቸውን ሰጡት። የዓለም ሽልማት የመጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ። ተማሪዎቼ "ብልህ ስለነበሩ ነው" ይላሉ። ብልህስ ነበሩ። ግን ደግሞ ወንዙ ጋ የመመለስ ዕድል ነበራቸው።

አሁን ወደ ችግሮቹ ልግባ። እናንተ ፕሮግራም ትከፍታላችሁ፤ እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የእናንተ ይከብዳል። አውቃለሁ።

የመጀመሪያው የዶርምና የካፌ ጉዳይ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግቢ ውስጥ ያድራል፤ ካፌ ይበላል። የማስተርስ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤት ተከራይቶ ራሱን ይችላል። ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ የመጣች የገበሬ ልጅ ደሴ ቤት ተከራይታ አንድ ዓመት መቀመጥ አትችልም። ኪራዩን ታውቁታላችሁ። 5ኛው ዓመት ላይ አልጋዋንና የካፌ ካርዷን ከነጠቃችኋት ፕሮግራሙ የደሴ ነጋዴ ልጆች ብቻ ይሆናል። ከእነሱ መካከል ጎበዝ የለም ማለቴ አይደለም። ግን ክረምት ላይ ወንዝ ዳር ቆማ የማትታክት ልጅ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣችው ናት። ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። እነዚህ ልጆች እስከ 5ኛው ዓመት ሰኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መብታቸው አይቋረጥባቸው። በዓመት 6 ወይም 8 ልጅ ብቻ ቢሆን አንድ የዶርም ክፍል ነው። ሌላ ሕንፃ አልጠየቅኩም።

በዚያው ላይ ኮስት ሼሪንግ አለ። ዕዳው ካልተከፈለ ኦሪጅናል ዲግሪ አይሰጥም። ልጆቹ በሁለቱ ዲግሪ መካከል ክፍያ እንዳይጠየቁ፣ የ5ኛው ዓመትም ተደምሮ ሥራ ሲይዙ ከደሞዛቸው እንዲቆረጥ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

ሁለተኛው ፈተና ነው። ይህ ለሚኒስቴሩ ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም መጥቷል። ሁለቱንም አልቃወምም። 12ኛ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ያንን ውጤት ከተማሪዎቼ ጋር ቁጭ ብዬ ያየሁ ነኝ። ፈተና መስታወት ነው፤ እንዲሰበር አልፈልግም። ግን የመውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈች፣ አማካሪዋ የሚያውቃት፣ ሜዳ ላይ ያለች ልጅ በዚያው ክረምት እንደገና ለመግቢያ ፈተና ናሙናዋን ትታ እንዳትሄድ የመውጫው ውጤት ይያዝላት። ካልተቻለም የመግቢያ ፈተናውን 4ኛ ዓመት ላይ እንድትወስድ ይፈቀድ።

ሦስተኛው የላብራቶሪ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ግቢያችሁ ላይ የደረሰውን ዝርፊያና ውድመት እኔ ልነግራችሁ አልችልም። እናንተ ናችሁ ጠርጋችሁ የከፈታችሁት። ዛሬም የጎደለው ብዙ እንደሆነ እገምታለሁ። ቢሆንም ከላይ የዘረዘርኳቸው ጥናቶች በሳህን፣ በማጥለያ፣ በማይክሮስኮፕና በትዕግሥት የሚጀመሩ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሲመጣ ጎረቤት አለ። ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ አለ። ሰሜን ወሎ ላይ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከእነዚህ አንዱ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሁለተኛ አማካሪ ይኑር። ይህን የምለው ለመሣሪያው ብቻ ብዬ አይደለም። ሁለቱንም ዲግሪ ከአንድ ግቢ፣ ከአንድ አስተማሪ እጅ የወሰደ ልጅ የአስተማሪውን ስህተትም አብሮ ይወስዳል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። የውጭ ሰው ሥራውን ሊያየው ይገባል።

"ማስተርስ ይዘው ምን ሊሠሩ ነው? የባዮሎጂ ምሩቅ ባጃጅ እየነዳ አይደለም ወይ?" የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ የሚነዳ አውቃለሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሥራውም ሥራ ነው። ግን ያ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ በእጁ ሊሠራው የሚችለው አንድም ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱም የእሱ አልነበረም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የሥጋ ፋብሪካ ያለባት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራባት ከተማ ናት። አብዛኛው የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ይጠቀማል። ከፍሳሹ ውስጥ ምን እንደወጣ የሚለካ፣ ለክቶም ቁጥሩን የሚያስረዳ ሰው ትፈልጋለች። የጤና ቢሮው የትንኝ ባለሙያ ይፈልጋል። የቦረና ሳይንት ፓርክ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። እኔም በትምህርት ቤቴ፣ ልጆቹን ወንዝ ይዞ የሚወርድ ባልደረባ እፈልጋለሁ። ለዚህ ሁሉ የሚፈለገው በጋውንም ክረምቱንም ከአንድ ጥያቄ ጋር የኖረ ሰው ነው።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር። የእነዚህን ልጆች ትምህርት ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዘጋው። ተከፈተ ሲባል ጦርነቱ ደረሰ። 16 ዓመታቸው ላይ ያጡትን ጊዜ ማንም አልመለሰላቸውም። ያቺ ልጅ ለእኔ "ቲቸር፣ እኔ እኮ ዕድሜዬ ሄደ" ብላኛለች። ዕድሜዋ 22 ነው። አብሽሪ አልኳት። ሌላ የምለው አላገኘሁም።

አንድ ዓመት ብንመልስላት ብዬ ነው።

በመጨረሻ ስለ ምርጫ። ጥሩ ውጤት የመጣላቸው ልጆች ሕክምና ይላሉ። ባዮሎጂ ዲፓርትመንት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሌላ ቦታ ያልሞላለት ልጅ ነው። ተማሪዎቼ "ባዮሎጂ ገብቼ ምን እሆናለሁ?" ሲሉኝ በቂ መልስ ሳልሰጥ ዓመታት አሳለፍኩ። "5 ዓመት ተማርና ሁለት ዲግሪ፣ አንድ የራስህ ጥናት ይኖርሃል፤ ጥናትህም የእናትህ ወንዝ ላይ ይሆናል" ብዬ ብመልስ ከክፍሉ ሁለት ሦስት ልጅ ቀና እንደሚል እርግጠኛ ነኝ። ከሁለት ሦስት በላይ አያስፈልገንም።

በአንድ ጊዜ ለሁሉም ዲፓርትመንት ይከፈት አልልም። በባዮሎጂ፣ በጥቂት ልጆች፣ ለሁለት ዙር ይሞከር። የመጀመሪያዎቹ ሲጨርሱ ቴሲሳቸው በሕዝብ ፊት፣ ከውሃና ከጤና ቢሮ የመጣ ሰው ባለበት ይቅረብ። ደካማ ከሆነ ይዘጋ፤ እኔም የተሳሳትኩ መሆኔን ጽፌ አሳውቃለሁ።

ልጅቷ ጽሑፏን በግንቦት መጨረሻ አስገብታለች። ጥሩ እንደተሠራ ሰምቻለሁ። የፈተናዋን ውጤት እየጠበቀች ነው። ደብተሬን መልሳልኛለች፤ ከኋላው ባዶ በነበሩት ገጾች ላይ የእሷን ቁጥሮች በጥንቃቄ ገልብጣልኛለች፤ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት። ከዚያ በታች የሐምሌና የነሐሴ ሰንጠረዥ በማስመሪያ አስምራ ባዶውን ትታዋለች።

ሴኔቱ በዚህ ጉዳይ ሲሰበሰብ ደብተሩን አምጣ ብትሉኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር
ደሴ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.